አንጀሎ ሞሶ

አንጀሎ ሞሶ (ግንቦት 23 ቀን 1838 ዓ.ም. – ኅዳር 15 ቀን 1903 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 30 ቀን 1846 – ኖቬምበር 24 ቀን 1910) ጣልያናዊ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበረ። ሰው ሲያስብ፣ ሲያሰላ፣ ሲደነግጥ ወይም ሲተኛ በአንጎሉ ውስጥ ያለው የደም መጠን እንደሚለዋወጥ በመሣሪያ ቀድመው ከመዘገቡት ሰዎች ዋነኛው ነው። ዛሬ የአንጎልን ሥራ በማግኔት ወይም በቅርብ ኢንፍራሬድ (ታህተ ቀይ) ብርሃን የሚያሳዩ መሣሪያዎች የሚለኩት የነርቭ ሴሎችን መልእክት በቀጥታ ሳይሆን፣ ሴሎቹ ሲሠሩ የሚከተለውን የደም ለውጥ ነው። በዚህም ምክንያት የአንጎል ምስል ታሪክ ብዙ ጊዜ ከሞሶ ይጀመራል። ከዚህ በተጨማሪ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ድካምና ስለ ከፍተኛ ተራራ አየር ባደረጋቸው ጥናቶች ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሞሶ በሰሜን ኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በአቅራቢያዋ ባለችው ኪዬሪ በተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። አባቱ አናጢ ነበረ፣ ቤተሰቡም ሀብት አልነበረውም። ሞሶ በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1870 ተመረቀ። ለጥቂት ጊዜ የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ ካገለገለ በኋላ ወደ ምርምር ገባና በፊሬንዜ ከተማ ከሞሪትስ ሺፍ ጋር ሠራ።

በ1873 ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ላይፕዚግ ሄደ። በዚያ የነበረው የካርል ሉድቪግ ቤተ ሙከራ በዘመኑ ከየአገሩ ወጣት ተመራማሪዎች የሚጎርፉበት ቦታ ነበር። ሉድቪግ ኪሞግራፍ የተባለውን መሣሪያ የሠራ ሰው ነው። ኪሞግራፍ በእኩል ፍጥነት የሚዞር ከበሮ መሰል ሲሊንደር ሲሆን፣ በላዩ ጥላሸት የተቀባ ወረቀት ይጠቀለልበታል። አንዲት ቀጭን ብዕር ወረቀቱን እየነካች ጥላሸቱን ስትፍቅ ነጭ መስመር ይቀራል፤ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ ወይም የጡንቻ እንቅስቃሴ በዚህ መስመር ይነበባል። ሞሶ ከዚያ በኋላ በፓሪስ ከኤቲየን ዡል ማሬ ጋር ተዋወቀ። ማሬም ትርታን በጎማ ቱቦና በቀጭን ሽፋን አማካይነት ወደ ብዕር የሚያስተላልፍ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ሞሶ በኋላ ለሠራቸው ሥራዎች ሁሉ መሠረት የሆኑት እነዚህ ሁለት ትምህርቶች ናቸው።

በ1875 ወደ ቶሪኖ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ። በ1879 ያኮብ ሞለሾት ወደ ሮማ ሲዛወር በእርሱ ቦታ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ ይህን ወንበር ይዞ ቆየ።

ክንድን በውሃ መለካት

ሞሶ ከሠራቸው መሣሪያዎች አንዱ ፕሌቲስሞግራፍ የሚባለው ነው። ሰውየው ክንዱን ውሃ በተሞላ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያስገባና የዕቃው አፍ ይታሸጋል። ወደ ክንዱ ተጨማሪ ደም ሲገባ ክንዱ በጥቂቱ ያብጥና ውሃውን ይገፋል፤ ደም ሲቀንስ ደግሞ ውሃው ይመለሳል። ይህ ለውጥ በብዕር ይመዘገባል።

በላይፕዚግ ሳለ አንድ ጓደኛው ክንዱን በመሣሪያው ውስጥ አድርጎ በጸጥታ ተቀምጦ እያለ ፕሮፌሰር ሉድቪግ በድንገት ወደ ክፍሉ ገባ። ሰውየው ባይንቀሳቀስም መስመሩ ወዲያው ዝቅ አለ፤ ከክንዱ ደም ሸሽቷል ማለት ነው። ሞሶ ሰዎችን ቁጥር እንዲያባዙ ሲጠይቅም ተመሳሳይ ለውጥ አየ። ከዚህ በመነሣት ደሙ ከክንድ ሲቀንስ ወዴት ይሄዳል፣ ወደ አንጎልስ ይሄድ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሣ። ክንድን በውሃ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ አንጎል ግን በአጥንት ተዘግቷል።

የራስ ቅላቸው የተጎዳ ሕሙማን

የሕፃናት ርግብግቢት አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ከልብ ምት ጋር እንደሚመታ ሁሉም ያውቃል። በአዋቂ ሰው ይህ ትርታ የሚታየው አጥንቱ በበሽታ ወይም በአደጋ ሲጎድል ብቻ ነው። ሞሶና የሥራ ባልደረቦቹ ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን አጠኑ። ከእነርሱ አንዷ የራስ ቅል አጥንቷ በቂጥኝ የተበላ ሴት ነበረች። ሌላው በሕፃንነቱ ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ የተጎዳና የሚጥል በሽታ የያዘው ልጅ ነበረ። ዘመኑ የዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ያልነበረበት ነው፤ የሳይንሱ ዕውቀትም በእነዚህ ሰዎች ጉዳት ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ግን ሚኬሌ ቤርቲኖ የተባለ የ37 ዓመት ገበሬ ነው። በ1877 ጡብ ከከፍታ ወድቆ የራስ ቅሉን ሰበረው፤ ግንባሩ በስተላይ ያለው አጥንት ጎድሎ አንጎሉ ከቆዳው ሥር ሲመታ ይታይ ነበር። ሰውየው ድኖ አእምሮው ደኅና ስለነበረ የሚጠየቀውን ይመልስ፣ የተሰማውንም ይናገር ነበር። ሞሶ በቀዳዳው ላይ ለስላሳ መክደኛ አድርጎ በአየር ቱቦ ከብዕሩ ጋር አገናኘው። ከዚያም የአንጎሉንና የክንዱን ትርታ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀት ላይ መዘገበ።

አንድ ቀን ምዝገባው እየተካሄደ እያለ የቤተ ክርስቲያን ደወል የቀትሩን ሰዓት ደወለ። የአንጎሉ ትርታ ከፍ አለ፤ የክንዱ ግን አልተለወጠም። ሞሶ ሰውየው የቀትሩን የማርያም ጸሎት አስታውሶ ይሆናል ብሎ ጠረጠረና ጠየቀው፤ ቤርቲኖም እንደዚያ መሆኑን አመነ። በሌላ ጊዜ 8ን በ12 እንዲያባዛ ሲጠየቅ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ የአንጎሉ ትርታ እንደገና ጨመረ።

የዚህ ሙከራ ዋጋ ያለው በክንዱ መስመር ላይ ነው። ልብ በኃይል ስለመታች ብቻ የአንጎል ትርታ ቢጨምር ኖሮ ክንዱም አብሮ በጨመረ ነበር። አንጎል ብቻውን መለወጡ ለውጡ ከመላው ሰውነት የመጣ አለመሆኑን አመለከተ። ሞሶ የተኙ ሕሙማንንም መዝግቧል። የተኛው ሰው ሳይነቃ ስሙ ሲጠራ ወይም ድምፅ ሲሰማ የአንጎሉ ትርታ ይለወጥ ነበር። በ1880 ይህን ሁሉ በሰው አንጎል የደም ዝውውር ላይ በጻፈው መጽሐፍ አሰባስቦ አሳተመ።

የሰው ሚዛን

በሕሙማኑ ላይ የተገኘው ውጤት ትልቅ ቢሆንም አንድ ችግር ነበረው። የራስ ቅሉ የተቀደደ ሰው የሚገኘው በአጋጣሚ ነው፤ የተጎዳ አንጎልም የጤነኛው ምሳሌ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሞሶ ጤነኛውን ሰው ምንም ሳይጎዳ ከውጭ ለመለካት ፈለገ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ የሰው የደም ዝውውር ሚዛን ይባላል።

መሣሪያው ሰው የሚጋደምበት ረጅም የእንጨት አልጋ ሲሆን፣ መካከሉ ላይ እንደ ሚዛን ክንድ በስለት ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ተጋድሞ ክብደቱ በራስጌና በግርጌ በኩል እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። ሚዛኑ እንዲሁ እንዳይወዛወዝ የሚያረጋ ከባድ ክብደት ከታች ይንጠለጠላል። ሰው ቆሞ ከቆየ በኋላ ሲጋደም የደሙ አቀማመጥ ስለሚለወጥ፣ ደሙ እስኪረጋ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይሰማል ወይም እንዲያነብ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ከጨመረ ራስጌው መውረድ አለበት።

ሞሶ ሚዛኑ በእርግጥ ወደ ራስጌ እንደሚያዘነብል ዘገበ። ሰው ጋዜጣ ሲያነብ በጥቂቱ፣ ከባድ የፍልስፍና ገጽ ሲያነብ ደግሞ ይበልጥ ያዘነብላል ተብሎ ይነገር ነበር። ወሬው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በጋዜጦች ተሰራጨ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስም በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ሚዛኑን ጠቅሶታል።

ሞሶ ራሱ ግን የሚዛኑን ድካም ያውቅ ነበር። ሰው ሲተነፍስ ደም በደረትና በሆድ መካከል ስለሚመላለስ ሚዛኑ ከትንፋሹ ጋር ይወዛወዛል። እጅ ወይም ራስ በጥቂቱ ቢንቀሳቀስም ውጤቱ ይበላሻል። ስለዚህ ትንፋሽን፣ የእጅና የእግርን የደም መጠን ከሚዛኑ ጋር አብሮ ይመዘግብ ነበር። ሆኖም ራስጌው ሲወርድ ደሙ በአንጎል ውስጥ ይሁን በፊትና በራስ ቆዳ ውስጥ ሚዛኑ ሊለይ አይችልም።

ከዚህ በኋላ መሣሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ። በ2010ዎቹ ተመራማሪዎች የሞሶን ጽሑፎች እንደገና መርምረው አሳተሙ፤ በእንግሊዝ አገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሙከራውን በኤሌክትሮኒክ መለኪያ ደገሙት። ሰዎች ድምፅ ሲሰሙ በራስጌ በኩል ጥቃቅን የክብደት ለውጥ መታየቱን ዘገቡ።

ሙቀት፣ ፍርሃትና ድካም

ሞሶ ደምን ብቻ ሳይሆን የአንጎልን ሙቀትም በጣም ትክክለኛ በሆኑ ቴርሞሜትሮች ለካ። በ1892 በለንደን በሚገኘው የሮያል ሶሳይቲ የክሩን ንግግር ያቀረበው በዚሁ በአእምሮ ሥራና በአንጎል ሙቀት ጉዳይ ነው። በ1894ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ።

ለብዙ አንባቢ ያስተዋወቁት ግን ሌሎች ሁለት መጻሕፍት ናቸው። በ1884 ያሳተመው «ፍርሃት» ሰው ሲፈራ ለምን እንደሚገረጣ፣ እንደሚንቀጠቀጥና ልቡ እንደሚመታ በቀላል ቋንቋ ያስረዳል። በ1891 የወጣው «ድካም» ደግሞ ኤርጎግራፍ በተባለው መሣሪያው የተገኘውን ያቀርባል። በኤርጎግራፍ ላይ ክንድ ታስሮ የመሐል ጣት ብቻ ክብደት ደጋግሞ ያነሣል፤ እያንዳንዱ ማንሣት በወረቀት ላይ ሲመዘገብ ጣቱ እስኪዝል ድረስ መስመሮቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ተማሪዎችን ለረጅም ሰዓት በቃል ሲፈትን የዋለ መምህር ጡንቻውን ሳያሠራ ቢውልም ጣቱ ቶሎ እንደሚዝል ሞሶ አሳየ። የአእምሮ ድካምና የአካል ድካም የተለያዩ ነገሮች አይደሉም የሚለው ሐሳቡ በትምህርት ቤትና በፋብሪካ የሥራ ሰዓት ላይ ለተደረገው ክርክር ማስረጃ ሆነ። በሲሲሊ የድኝ ማዕድን ማውጫዎች ይሠሩ የነበሩ ሕፃናት ድካምም በዚህ መጽሐፍ ተነሥቷል።

በተራራ ላይ

ሞሶ ከአልፕስ ተራሮች አጠገብ ስለኖረ ተራራ መውጣትን ይወድ ነበር። በ1893 በሞንቴ ሮዛ ጫፍ፣ ከ4,550 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ የንግሥት ማርጌሪታ መጠለያ ተሠራ። ከፍታው ከራስ ዳሸን ጋር የሚቀራረብ፣ በምሥራቅ ጎጃም ከሚገኘው ከጮቄ ተራራ ደግሞ የሚበልጥ ነው። ሞሶ በዓመቱ ወታደሮችን ይዞ ወጥቶ ትንፋሻቸውን፣ የልብ ምታቸውንና የጡንቻቸውን ኃይል መረመረ። ውጤቱን በ1897 ስለ ሰው ፊዚዮሎጂ በአልፕስ ላይ በጻፈው መጽሐፍ አቀረበ።

ሞሶ የተራራ ሕመም ዋና ምክንያት ከደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ይህንንም አካፕኒያ ብሎ ጠራው። ፈረንሳዊው ፖል ቤር ቀደም ብሎ ምክንያቱ የኦክስጅን ማነስ ነው ብሎ ነበር። በዋናው ነገር ትክክል ሆኖ የተገኘው ቤር ነው። ሆኖም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአንጎልን የደም ሥሮች የሚያሰፋና የሚያጠብ ኃይለኛ ነገር መሆኑ በኋላ ስለተረጋገጠ፣ የሞሶ ትኩረት ከንቱ አልነበረም።

በ1907 በሞንቴ ሮዛ ግርጌ፣ ኮል ዶሌን በተባለ ቦታ፣ በ2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ የምርምር ተቋም ተከፈተ። ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሞሶ በ1882 በፈረንሳይኛ የሚታተም የጣልያን ሥነ ሕይወት መጽሔት ከመሠረቱት አንዱ ነበረ። በ1901 አምስተኛው ዓለም አቀፍ የፊዚዮሎጂ ጉባኤ በቶሪኖ ሲካሄድ መርቶታል፤ በ1904 የኢጣልያ መንግሥት ሴናተር አድርጎ ሾመው። በዚሁ ጊዜ ገደማ የአከርካሪ ነርቭ በሽታ ስለያዘው እንደ ቀድሞው በቤተ ሙከራ መሥራትና ተራራ መውጣት አልቻለም። ፊቱን ወደ አርኪዮሎጂ አዞረና በቀርጤስ ደሴትና በደቡብ ኢጣልያ ስለ ጥንታዊ የሜዲትራኒያን ሥልጣኔ አጥንቶ መጻሕፍት አሳተመ። ኖቬምበር 24 ቀን 1910 በቶሪኖ በ64 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሚዛን ወደ ብርሃን

ሞሶ የአንጎል ሥራና የደም ዝውውር እንደሚያያዙ ቢያሳይም ምክንያቱን አላብራራም። በ1890 ቻርልስ ሮይና ቻርልስ ሸሪንግተን በእንስሳት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የሚሠራው የአንጎል ክፍል የሚያወጣቸው ውሁዶች በዚያው ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ሐሳብ ለዘመናዊው የአንጎል ምስል ጥናት መነሻ ሆነ።

ሞሶ የፈለገውን፣ ማለትም ጤነኛውን ሰው ሳይጎዱ ከውጭ መለካትን፣ ካሳኩት መንገዶች አንዱ የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ኢንፍራሬድን ዊልያም ኸርሸል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም ባሻገር ቴርሞሜትር ሲሞቅ አይቶ ያገኘው ነው። በ1977 ፍራንስ ዮብሲስ በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለው ብርሃን ቆዳንና አጥንትን አልፎ አንጎል እንደሚደርስ፣ በውስጡም ያለውን የኦክስጅን ሁኔታ መለካት እንደሚቻል አሳየ። በ1993 የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ዘዴውን ተጠቅመው ሰው ሲያስብና ሲያይ የሚታየውን ለውጥ ዘገቡ።

አሠራሩ የተመሠረተው በደም ቀለም ላይ ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢንና ኦክስጅኑን የለቀቀ ሄሞግሎቢን ብርሃንን የሚውጡበት መጠን ይለያያል። በራስ ላይ በሚደረግ ቆብ ላይ ትናንሽ የብርሃን ምንጮችና 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የራቁ ተቀባዮች ይገጠማሉ። ብርሃኑ በአንጎል ውጫዊ ሽፋን በኩል ተበትኖ ሲመለስ ምን ያህሉ እንደቀረ ይለካል። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ትኩስ ደም ስለሚጎርፍለት ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ የሌለው ይቀንሳል። መሣሪያው ቀላልና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በሕፃናትና በሚራመዱ ሰዎች ላይም ይሠራል፤ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍሎች ግን አይደርስም።

ሞሶን ያስቸገረው ጥያቄ በዚህም ዘዴ አልጠፋም። ብርሃኑ ወደ አንጎል ሲገባም ሲወጣም በራስ ቆዳ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የተለካው ለውጥ ከአንጎል ይሁን ከቆዳው ደም መለየት ያስፈልጋል። ትንፋሽና የልብ ምትም በመዝገቡ ላይ ይታያሉ። ዛሬ ይህን ለመለየት ተጨማሪ ተቀባይ ለብርሃን ምንጩ በጣም ቅርብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ይህኛው የቆዳውን ደም ብቻ ስለሚለካ ከዋናው መዝገብ ይቀነሳል። ሥራው የቤርቲኖ የክንድ መስመር ከሠራው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

በአፍሪካና በኢትዮጵያ ደጋ

የቅርብ ኢንፍራሬድ ዘዴ በአፍሪካ ሕፃናት ላይ በስፋት ከዋለባቸው ቦታዎች አንዷ በጋምቢያ ያለችው የኬኔባ መንደር ናት። በዚያ የምግብ እጥረት በሕፃናት አንጎል ዕድገት ላይ የሚያመጣው ጉዳት ይጠናል። ጥቁር ፀጉርና ጠቆር ያለ ቆዳ ከብርሃኑ የተወሰነውን ስለሚውጡ፣ መሣሪያዎቹ ለሁሉም ሰው እኩል እንዲሠሩ ማድረግ በዘርፉ ካሉት ሥራዎች አንዱ ነው።

ሞሶ በሞንቴ ሮዛ ላይ ያነሣው የከፍታ ጥያቄም ኢትዮጵያ ደርሷል። በ2002 የወጣ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መረመረ። የሄሞግሎቢናቸው መጠንና ደማቸው የያዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው፤ በቲቤት ያሉት ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። የኢትዮጵያ ደገኞች ከሁለቱም የተለየ መላመድ እንዳላቸው ይህ አሳየ። ሞሶ ግን ለአጭር ጊዜ ወደ ተራራ የወጡ የቆላ ሰዎችን እንጂ በከፍታ ላይ ተወልደው ያደጉትን አላጠናም ነበር።